ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና የጻፍኩት

አንድ ተማሪ አለኝ፤ እንደ እኔው ዓይነ ስውር ነው። የማስተምረው ታሪክ ሲሆን የየዕለቱን ትምህርት ዋና ዋና ነጥቦች ዛሬም የምይዘው በብሬይል፣ ማለትም በጣት በሚነበቡ ነጥቦች፣ ወረቀት ላይ ነው። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው አልቆ ስወጣ ልጁ በረንዳው ላይ ጠብቆኝ ኖሮ፣ «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በብሬይል ለምን ይደክማሉ? ስልኩ ሁሉን ያነብልዎታል፤ መጻፍ ቢፈልጉም እርስዎ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል» አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ። ድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ እንዲያውም ድካሜ ያሳዘነው ይመስላል።

«እንነጋገርበታለን» ብዬው ተለያየን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ታክሲ ተሳፈረ፤ አብሮኝ ዓለም ገና ወረደ፤ እራት ስበላም አጠገቤ ነበር። የከነከነኝ ልጁ ተሳስቷል ብዬ ስላሰብኩ አይደለም። ግማሹ እውነት ነው። የከነከነኝ ሌላኛውን ግማሽ በአጭሩ የምነግርበት መንገድ ስላጣሁ ነው። ምክንያቱም እኔ ብሬይልን ለምን እንደያዝኩ በትክክል የገባኝ በመጽሐፍ ወይም በስብሰባ ላይ በሰማሁት ንግግር ሳይሆን፣ ከእናቴ ጋር ከሆስፒታል ስንመለስ በአንድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሞ መተረክ አይቻልም።

ወረቀቱና ድምፁ

ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ስገባ ልጅ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት የብሬይል መጻፊያ ሳንቃና መውጊያ ነው። ወፍራሙ ወረቀት በሁለት ሳንቃ መካከል ይነከሳል፤ በላይኛው ሳንቃ ላይ በተርታ የተከፈቱ ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ በእያንዳንዷ መስኮት ውስጥ ስድስት ነጥብ የሚወጋበት ቦታ አለ። የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ አጻጻፉ ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲዞር ነጥቦቹ አብጠው ይወጡና ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ክፍሉ በሙሉ ሲጽፍ ድምፁ ዶሮዎች የተበተነ እህል ሲለቅሙ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

በወረቀት ላይ የወጋሁት ነገር የእኔ ብቻ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ዴስክ ላይ ክፍት ትቼው ብወጣ የሚያነብብኝ የለም፤ ጥበቃው አያነበው፣ ጎረቤት አያነበው። ነገር ግን የሚያነብብኝ እንደሌለ ሁሉ የሚያነብልኝም አልነበረም። ብሬይል የማያውቅ ወንድም፣ ብሬይል የማያውቅ አጎት፣ ብሬይል የማያውቅ ቀበሌ። ለቤተሰቦቼ ደብዳቤ መላክ ስፈልግ አንዲት ዓይናማ ሴት ፈልጌ አፌን መክፈት ነበረብኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መልሱ ሲመጣም እሷው ታነብልኛለች። አንድ ቦታ ላይ ቆም ካለች የቆመችው ጽሑፉ አልነበብ ብሏት ይሁን ወይስ ያነበበችው ነገር ከብዷት፣ ከትንፋሿ ለመገመት እሞክር ነበር። የሰው የቤት ገመና በሰው አፍ አልፎ ሲደርስ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ይለሰልሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል።

ካደግሁና ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። በአንድ ባንክ መስኮት ፊት ቆሜ የማወጣውን ገንዘብ መጠን ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። ፎርም የሞላልኝ ሰው የጋብቻ ሁኔታዬን አዳራሹ መካከል ቆሞ ጠይቆኛል። ክፋት አልነበረበትም። ዓይነ ስውር ሰው የሚጽፈው በአፉ ነው የሚል ልማድ ስላለ ብቻ ነው።

ዘመናዊው ስልክ ሲመጣ ብዙ ነገር ተገላገልን፤ ይህን ለመካድ ልብ የለኝም። ስልኬ ጋዜጣ ያነብልኛል፤ የተማሪዎቼን ውጤት ያነብልኛል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ለእኛ ትልቅ በር ከፍቷል። ሆኖም የምንኖረው ዓለም ገና በአንዲት ክፍልና በአንዲት ሳሎን ውስጥ ነው፤ እናቴ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ። ግድግዳው የብሎኬት ነው፤ ከጎን ያሉት ተከራዮች ሲያስነጥሱ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። እዚህ ቤት ውስጥ የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ላከ አይባልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እንግዲህ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ የነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ግን ለማንም የማይደርስ ወረቀት፤ ለሁሉም የሚደርስ፣ ግን ምስጢር የማይጠብቅ ድምፅ።

ጀርባውን የሰጠ ስልክ

በስልኩ መስታወት ላይ በብሬይል መጻፍ እንደሚቻል ያስተማረችኝ የሰበታ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ትሠራለች። አይፎን ይህን ዘዴ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ከአይኦኤስ 8 ጋር ነው፤ ቶክባክ የሚባለው የአንድሮይድ ስልኮች ስክሪን አንባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ተከተለ። እኔ ጋ ወሬው የደረሰው ከዚያ ዘግይቶ ነው፤ ደርሶኝም ለረጅም ጊዜ አላመንኩም። ብሬይል የሚዳሰስ ነገር ነው። መስታወት ላይ ምን ይዳሰሳል?

«ስልኩን ገልብጠሽ ያዢው» አለችኝ። «ፊቱን ለእኔ፣ ጀርባውን ለአንቺ።»

ስልኩ በአግድመት ይያዛል። አውራ ጣቶችና ትንንሾቹ ጣቶች ዳርና ዳሩን ይደግፋሉ፤ የቀሩት ሦስት ሦስት ጣቶች ከዚያኛው ወገን መስታወቱ ላይ ያርፋሉ። የግራ እጅ አመልካች ጣት ነጥብ 1፣ የመሃሉ ነጥብ 2፣ የቀለበቱ ነጥብ 3። የቀኙም እንዲሁ 4፣ 5፣ 6። ፐርኪንስ በሚባለው የብሬይል መጻፊያ መኪና ላይ የሠራ ሰው ጣቶቹ ይህን አደላደል ያውቁታል፤ እዚያ በአንድ መስመር የተደረደሩት ስድስቱ ቁልፎች እዚህ መሃል ላይ ታጥፈው ፊት ለፊት ተያዩ ማለት ነው። ፐርኪንሱ ግን ወደ አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ነው። ይህኛው ኪስ ውስጥ ይገባል።

ነጥቦቹ ለምን ስድስት ሆኑ ብዬ ያሰብኩት ያን ሰሞን ነው። ሉዊ ብሬይል ዓይኑን ያጣው በሦስት ዓመቱ፣ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ውስጥ በወስፌ ተወግቶ ነው። ፓሪስ ትምህርት ቤት ሲገባ ሻርል ባርቢዬ የሚባል የጦር መኮንን የፈለሰፈውን፣ በ12 ነጥብ የሚጻፈውን ዘዴ አገኘ። 12 ነጥብ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር አያርፍም፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ አለበት። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1824 ወደ ስድስት አወረደው፤ አንድ ፊደል በአንድ ንክኪ እንዲነበብ። የጻፈበት መሣሪያ ዓይኑን ካጠፋው ወስፌ ጋር የሚመሳሰል ስለት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ሰውነቴ ይሰቀቃል። ብሬይል ያሰበው ስለሚያነበው ጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ፍራንክ ሆል የሚባል አሜሪካዊ መምህር ለስድስቱ ነጥቦች ስድስት ቁልፍ ያለው መኪና ሲሠራ፣ ያ ቁጥር ለጻፊው እጅም ልክ ሆኖ ተገኘ። ፐርኪንሱ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ የቀረበው በዚሁ መንገድ ነው። የስልኩም ቁልፍ ሰሌዳ የእነዚህ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን እጅግ ከባድ ነበር። ወረቀት ይቃወማል፤ ሲወጋ ይሰማል። የፐርኪንስ ቁልፍ ወርዶ ይመለሳል። መስታወት ምንም አይልም። ጣቴን ላሳርፍ ብዬ ሳስነካው ፊደል ይቆጥርብኛል፤ ሳነሳው ደግሞ ተመልሶ የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ከሁሉም የከፋው የቀለበት ጣቴ ነበር። ይህ ጣት በራሱ የሚቆም ጣት አይደለም፤ የመሃል ጣት ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ሲያርፍም ዘግይቶ ነው። ነጥብ 3 ሲቀር ደግሞ ፊደሉ ይለወጣል። «ል» 1፣ 2፣ 3 ነው፤ 3 ከቀረ «ብ» ይሆናል። «ኦ» 1፣ 3፣ 5 ነው፤ 3 ከቀረ «ኤ» ይሆናል። «ሎ» ብዬ የጻፍኩት በጆሮዬ «ቤ» ሆኖ ይመለስልኛል።

ፊደላችን በብሬይል ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ እንደሚቀመጡ ሰበታ የተማረ ሁሉ ያውቃል። «ሎሚ» ሁለት ፊደል ሳትሆን አራት ናት፤ ል፣ ኦ፣ ም፣ ኢ። የነጥቦቹም አሰጣጥ በአብዛኛው ከዓለም አቀፉ ጋር ይሄዳል። የእኔ ስልክ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ብሬይል ብቻ ስለሆነ የምጽፈው አማርኛ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በላቲን ፊደል ነው። ጣቶቼ ግን ይህን አያውቁም። ሎሚን ስጽፍ የሚነኩት ሰበታ እያለሁ በወረቀት ላይ የወጋኋቸውን ነጥቦች ነው፤ 1-2-3፣ 1-3-5፣ 1-3-4፣ 2-4። ልጅ ሳለሁ የተማርኩት ነገር ሳይባክን እጄ ላይ ቆይቶ ኖሯል። ጓደኛዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ የመጀመሪያውን ሙሉ ቃል ከስልኩ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ደግሜ ጻፍኩት፤ እንደገናም ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ በየአጋጣሚው መለማመድ ሆነ። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ፣ ሰልፍ ላይ ስቆም ቦርሳዬ ላይ፣ ስልክ ሳልይዝም ጭምር። እናቴ «ምን ትቆረቁሪያለሽ?» ትለኛለች። በሳምንታት ውስጥ የቀለበት ጣቴ ታዛዥ እየሆነ መጣ። ቦታ ለመተው በአንድ ጣት ወደ ቀኝ መጥረግ፤ ፊደል ለማጥፋት ወደ ግራ፤ የጨረሱትን ለመላክ በሁለት ጣት ወደ ላይ። በፊት በተለመደው ሰሌዳ አንዲት ቃል ለመጻፍ ጣቴን መስታወቱ ላይ እየጎተትኩ እያንዳንዱን ፊደል እስኪጠራልኝ መስማት፣ ፊደሉን ሳገኝ ደግሞ ከሰባቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ይህኛው ፍለጋ የለበትም። ጣት የሚያውቀውን ይጽፋል።

እንዲህም ሆኖ ነገሩ ለእኔ ያን ጊዜ የፍጥነት ጉዳይ ነበር። ከፍጥነት ያለፈ ነገር እንዳለው አላሰብኩም።

እማዬ ማስታወቂያ ስታነብ

እናቴን ደረቷ አካባቢ ያበጠ ነገር አስጨንቋት ሆስፒታል አመላልሳት ነበር። ውጤቱ በወጣ ቀን ሐኪሙ እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እኔን ወደ ውስጥ አስገባኝ። ዕጢ ነው፣ በቶሎ መውጣት አለበት፣ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን እናያለን አለኝ። በጥሩ ሁኔታ ነው የነገረኝ፤ ለጥያቄዎቼ ሁሉ ጊዜ ሰጥቶ መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሕመምተኛዋ ሳይነገር ለልጇ መነገር አለበት ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ በበኩሌ እናቴ የራሷን አካል ነገር የማወቅ መብት አላት ባይ ነኝ። ነገር ግን ክፉ ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ነገር የሚነገረው ተቀምጦ፣ እህል ከተቀመሰ በኋላ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ባለበት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሐዋሳ ነው። እሱ ሳይመጣ ብቻዬን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?

አየር ጤና ላይ የዓለም ገናን ታክሲ ያዝን። እማዬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ወጣት ተቀመጠ። ረዳቱ «ዓለም ገና! ሰበታ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ታክሲው ሳይነሳ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሜ ነው። ዘጋሁት። ደግሞ ደወለ፤ ዘጋሁት። እማዬ «ማነው?» አለችኝ። «ወንድም ጋሼ ነው፤ ቤት ስንገባ እደውልለታለሁ» አልኳት። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ካላነሳሁለት እሷ ጋ ይደውላል። የእሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ካነሳች «ምን አሉሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም «ለእህትህ ነው የነገሯት» ትለውና ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ከዚያ በኋላ የማወራው ሁሉ በጆሮዋ ነው።

ድምፅ መላክ አልችልም። በተለመደው ሰሌዳ መጻፍም አልችልም፤ ምክንያቱም እማዬ ታነባለች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ ካገኘችው ነገር ሁሉ እንደ ማንበብ የምትወደው የለም። መንገድ ላይ ስንሄድ ከቤተ ክርስቲያን በር እስከ ብረታ ብረት ሱቅ ድረስ ማስታወቂያውን ሁሉ ለእኔ ታነብልኛለች፤ ያለፍንበትን እንዳውቀው። ያን ቀንም ካራ ቆሬ ላይ ጀምራ ነበር። «ዘመናዊ ዳቦ ቤት። የሚከራይ ሱቅ። የጎማ ጥገና።» ድምፅዋ ደስተኛ ነው። ሐኪም ቤት ጨርሳ ወደ ቤቷ እየገባች ነው።

ስልኩን ገልብጬ ያዝኩት። አንዱን ማዳመጫ ከቀኝ ጆሮዬ አደረግሁ፤ ግራው ለእማዬና ለመንገዱ ክፍት ነው። ጣቶቼን አሳረፍኩ። ከወዲያ ያለው ወጣት ትንሽ ታግሶ፣ «እህቴ፣ ስልኩን እኮ ገልብጠው ነው የያዙት» አለኝ። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ስክሪኑ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰዉ ዞሯል፤ እሱ የሚያየው ግን ስድስት ክቦችን ብቻ ነው።

«ውጤቱ ወጥቷል። ዕጢ ነው። ቀዶ ጥገና በቶሎ ያስፈልጋታል ብለዋል። አጠገቤ ናት፣ አትደውል።»

እማዬ ጣቶቼን አይታ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለች።

«ለወንድም ጋሼ እየጻፍኩለት ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ቅዳሜ እንዲመጣ።»

«እሰየው! እንግዲያው ዓሣ ይዞልኝ ይምጣ በይው።»

ጻፍኩለት። «ቅዳሜ ና፤ አብረን እንነግራታለን። ዓሣ ይዘህ እንድትመጣ ብላለች።» ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው በአንድ መልእክት ውስጥ ሄዱ። በሁለት ጣት ወደ ላይ ጠረግሁ። ወለቴ ስንደርስ መልሱ በጆሮዬ ገባ፤ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል። እማዬ በግራ ጆሮዬ «የግንባታ ዕቃ መሸጫ» እያለች ነበር።

ያኔ እንባዬ መጣ፤ ግን ስለ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው መካከል ተቀምጬ፣ የሰው ትከሻ ትከሻዬን እየነካው፣ የልቤን ለአንድ ሰው ብቻ ጽፌ ላክሁ። ዓይናማ ሰው ይህን በቀን ስንት ጊዜ ያደርገዋል! ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ባልና ሚስት በእንግዳ ፊት። ጠረጴዛ ሥር አድርጎ ሁለት ቃል ይጽፋል፤ ይመለሳል። መሆኑን እንኳ አያስተውለውም። እኛ ግን ዝም ብለን የምንናገርበት መንገድ አልነበረንም። መናገር ወይም መታፈን ነበር ምርጫችን።

ወንድሜ ቅዳሜ ዓሣውን ይዞ መጣ። ከምሳ በኋላ ነገርናት። ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፤ ክትትሉ ቢቀጥልም ዛሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆማ ትሄዳለች፤ ማስታወቂያም ታነባለች።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ግማሹ እውነት ነው ብያለሁ። የብሬይል ወረቀት ውድ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬይል ሲታተም ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቢደርስ እንኳ ለመሸከም ረዳት ያስፈልጋል። ዓይኑን ካደገ በኋላ ያጣ ሰው ጣቱን ለማስተማር ዓመታት ይፈጅበታል። ስልኩ ደግሞ ዛሬ፣ አሁን፣ ያነባል። ይህ ልጅ ፈተናውን የሚያልፈው በሚሰማው ነገር ነው፤ ለስልኩ ባለውለታ ቢሆን አልፈርድበትም።

ነገር ግን የጻፋቸውን ጽሑፎች አንብቤያለሁ። ተናግሮ ያስጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ቃላት ተጣብቀዋል፤ አራት ነጥብ የለም፤ ሐሳቡ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አይታወቅም። በጆሮ ብቻ ያደገ ሰው በሁለት ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ አይሰማውም። አንባቢው ድምፅ ያልፈዋል። ጣት ግን ባዶውን ቦታ ይነካዋል፤ ሲጽፍም ራሱ ይተወዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እያልን ያሳደግነው ልጅ በቃል ብቻ እንዲኖር መተው ያስቆጨኛል።

ስልኩም ሙሉ አይደለም። በብሬይል ልጻፍበት እንጂ በብሬይል አያስነብበኝም፤ የጻፍኩት የሚመለስልኝ በድምፅ ነው። ነጥቦቹን በጣት ሥር እያወጣና እያወረደ የሚያስነብበው መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን የመምህር ደመወዝ የሚደርስበት አይደለም። ወረቀቱ ስለዚህ ከቤቴ አይወጣም። ፊደላችንም ይናፍቀኛል። ለወንድሜ አማርኛ በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ባዳ ልብስ ለብሶ ቤተሰብ ፊት መቅረብ ሆኖ ይሰማኛል። ሊብሉዊ የሚባለው ለማንም ክፍት የሆነ የብሬይል መተርጎሚያ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊደል ሰንጠረዥ ይዟል፤ ሥራው ከባዶ የሚጀመር አይደለም ማለት ነው። ሰንጠረዡ እያንዳንዱ ዓይነ ስውር እጅ ላይ ባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅ፣ የሚጎተጉት ሰው ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ትምህርት የሚማሩ ልጆቻችን ይህን ቢይዙት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍል በኋላ አስቀመጥኩትና የታክሲውን ነገር ብቻ ነገርኩት፤ የእናቴን ሕመም ሳልደብቅ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ «መምህርት፣ እኔም ቤት ውስጥ የማልናገረው ነገር አለ» አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ስልኩን እንዲያወጣ ነገርኩት፤ ቅንብሩ ውስጥ ተደራሽነት፣ ከዚያ ቶክባክ፣ ከዚያ የብሬይል ሰሌዳ። ገልብጦ እንዲይዘው እጁን በእጄ አስተካከልኩለት። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት ይመጣል። እማዬ ቡና ታፈላለች፤ ሲሳሳት ከጓዳ «ይሄኛውስ ምን አለ?» እያለች ትጠይቃለች። የልጅነት ብሬይሉ ከጠበቅሁት በላይ ተመልሶለታል፤ ፊደሎቹን በሞላ ጎደል ጨርሷል፤ ነጥብ 3 ግን እንደ እኔው እያስቸገረው «ለ»ው ሁሉ «በ» እየሆነበት ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ቁጥር እንጀምራለን። የቁጥር ምልክቷ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ስለሆነች ሁለቱም የቀለበት ጣቶቹ እኩል መሥራት ይኖርባቸዋል።